የትናንቱ ሹሩባ

ሬዲዮው ዘፈኑን ሲደግመው ላቮ መሪውን በመዳፉ መታ መታ አደረገና ብቻውን ሳቀ። ከዳላስ ወደ ከተማው ወደ ሽሪቭፖርት እየተመለሰ ነው። የቴክሳስን ድንበር አልፎ የአገሩን ጣቢያ ካገኘ ጀምሮ ከእሱ በቀር የሚዘፍን ሰው የጠፋ ይመስላል። መጀመሪያ አዲሱን ለቀቁ። ቀጥለው አሮጌውን፣ ገና ልጅ ሳለ በአክስቱ ጓዳ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የቀዳውን። አሁን ደግሞ እሱ ራሱ የማይወደውን፣ ማንም አያስታውሰውም ብሎ የተወውን ሁለቴ ደገሙለት።

"ዛሬ ምን ነካችሁ እናንተ?" አለ ሬዲዮውን። "ያን ሁሉ ጊዜ ደጃችሁን ስጠና የት ነበራችሁ?"

ስልኩ ቢሠራ ኖሮ ነገሩን ቀድሞ ይሰማ ነበር። ስቱዲዮው ውስጥ ግን ስልክ አይገባም፤ ድምፅ ቀጂው የሁሉንም ሰብስቦ ካርቶን ውስጥ ይከታል። ካርቶኑ ውስጥ እንዳለ ባትሪው አልቋል፣ ቻርጀሩን ደግሞ ለአክስቱ ልጅ ለቴዝ አውሶታል። አልበሙን ሲጨርሱ ነግቶ ነበር። ሶፋው ላይ ጋደም ቢል እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወሰደው፣ ሲነቃ ቀኑ ተጋምሷል።

ዘፈኑ አለቀና አቅራቢው ገባ። ይህ ሰውዬ በኛ ከተማ የታወቀ ተሳዳቢ ነው፤ ሰው ሲያስለቅስ እንጂ ሲያለቅስ ሰምተነው አናውቅም። ዛሬ ግን ድምፁ ይንቀጠቀጣል።

"ዛሬ ሌላ ሰው አናጫውትም። በቃ። ላቮ፣ የኛ ልጅ፣ ነፍስህን በገነት ያኑርልን። ገና ለጋ ልጅ እኮ ነው ጎበዝ! እሺ፣ መስመር ላይ ያለሽው፣ ሄሎ?"

"ሄሎ... እኔ አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ አግኝቼው ነበር" አለች አንዲት ሴት እየተንሰቀሰቀች። "የሕፃን ወተት ከላይኛው መደርደሪያ አወረደልኝ። ጎንበስ ብሎ ልጄንም አጫወተልኝ። ታዋቂ ሰው መሆኑን እንኳ አልነገረኝም፣ ዝም ብሎ ሄደ።"

ላቮ በሕይወቱ ለማንም ወተት አውርዶ አያውቅም። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያደርገው ቴዝ ነው ብሎ አሰበ፤ ይህን ባሰበበት ቅጽበት እጁ ወደ ደረቱ ሄደ። ሐብሉ የለም። ሐብሉ ያለው ቴዝ አንገት ላይ ነው። ጃኬቱም፣ ጥቁር መነጽሩም፣ በላቮ ስም የተከራዩት የሚያብረቀርቅ መኪናም ቴዝ ጋ ናቸው።

"ኧረ ጌታ ሆይ፣ አይሆንም" አለና የራሱን አሮጌ መኪና ወደ መንገዱ ዳር አወጣው።

ቴዝ የአክስቱ የቨርኔታ ልጅ ነው። እናቶቻቸው መንታ ነበሩ። የላቮ እናት እሱን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ስትሞት ቨርኔታ ሁለቱን በአንድ አልጋ፣ በአንድ ሳህን አሳደገቻቸው። እያደጉ ሲሄዱ መመሳሰላቸው ባሰ። አስተማሪው ሲሳሳት፣ ጎረቤቱ ሲሳሳት፣ እነሱም ሲስቁ ኖሩ። በኋላ አንዱ ራፐር ሆነ፣ ሌላው የካዚኖ ወጥ ቤት ገብቶ ሳህን አጣቢ ሆነ፤ ያኔ ደግሞ መመሳሰሉ ለሥራ ጠቀመ።

እኛ ዘንድ ጭፈራ ቤቶች ዘፋኙ ባይዘፍንም መጥቶ እንዲታይላቸው ብቻ ይከፍሉታል። ይገባል፣ ጠርሙስ ከፍ ያደርጋል፣ እጁን ያውለበልባል፣ ይወጣል። ጨለማ ነው፣ ጩኸት ነው፤ ሰው የሚያየው ሐብሉንና ሹሩባውን እንጂ ፊቱን አይደለም። የሞንሮ ከተማው ክለብና የዳላሱ ስቱዲዮ በአንድ ሌሊት ሲጋጩበት ላቮ ብዙም ሳያስብ ቴዝን በራሱ ምትክ ወደ ሞንሮ ላከው።

"ሰውዬ፣ ከሥራ አሁን መግባቴ ነው" ብሎት ነበር ቴዝ። "ዓይኔ ራሱ አልገለጥ ብሎኛል።"

"መነጽር ታደርግ የለ? ጨፍነህ ቁም፣ ማን ያይሃል?"

"አንተ ልጅ፣ የእንቅልፌን ዕዳ አንድ ቀን ትከፍለኛለህ።"

"ቴዝዬ፣ የመጨረሻዬ ነው። በአክስቴ ይዤሃለሁ።"

ቴዝ ደግሞ እምቢ ማለት አልፈጠረበትም። ትናንት ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ እናቱ እግር ሥር ቁጭ ብሎ ፀጉሩን እንደ ላቮ ተሠራ፤ ከግራ ጆሮ ጀርባ ተነስቶ ማጅራት ላይ እንደ ቀንድ አውጣ የሚጠቀለለውን፣ በኛ ሰፈር ቨርኔታ ብቻ የምትችለውን ሹሩባ። ለምን እንደፈለገው አልነገራትም። አንዱ ላቮ መቼ አነሰኝ ብላ እየሳቀች ሠራችለት።

ላቮ ቀጥሎ ያገኘው ነዳጅ ማደያ ገብቶ ቻርጀር ገዛ። ካሸሯ ጥግ ላይ ያለውን ሶኬት በእጇ አሳየችው። ዓይኗ አብጧል። ትክ ብላ አየችውና መልሳ አቀረቀረች።

"ይቅርታ" አለች። "ከጠዋት ጀምሮ በዚህ በር የገባ ወጣት ሁሉ እሱን ይመስለኛል።"

"ማንን?" አለ፤ ለምን እንደጠየቀ እሱም አያውቅም።

"ኧረ ላቮን! አልሰማህም እንዴ? ሊነጋጋ ሲል ከሞንሮ ሲመለስ ከመንገድ ወጥቶ ዛፍ ጋር ተጋጨ። ሐብሉን በቪዲዮ አየሁት። ባላየሁት ይሻለኝ ነበር።"

ስልኩ ነፍስ ሲዘራ እጁ ላይ ይንዘፈዘፍ ጀመር፤ መልእክቱ ማቆሚያ የለውም። አንዱንም ሳያነብ ቴዝ ጋ ደወለ። ጠራ። ጠራ። ደግሞ ጠራ። ከዚያ የገዛ ራሱ ድምፅ መለሰለት።

"ላቮ ነኝ" ይላል፤ ቴዝ ነው፣ በአፍንጫው እያወራ፣ ቁርጥ እሱን እየመሰለ። "አሁን ማንሳት አልችልም። መልሼ ካልደወልኩ ሞቷል በሉ።" ከዚያ ቴዝ ራሱን ሆኖ ሲንከተከት ይሰማል፣ ሳቁ ሳያልቅ ይቆረጣል።

በቅርቡ ለቀልድ የቀዳው ነው። ያኔ ላቮም አጠገቡ ቆሞ ሆዱን ይዞ ሲስቅ ነበር። አሁን ግን ስልኩን ከጆሮው አርቆ ያዘው። ያበጠው የካሸሯ ዓይን እንደገና ወደሱ ሲዞር ቆቡን ደፍቶ ወጣ። መኪናው ውስጥ ሆኖ ማናጀሩ ኦዴል ጋ ደወለ።

"ማነው?" አለ ኦዴል በፍርሃት።

"እኔ ነኝ።"

"እኔ ማን? በዚህ ስልክ እንዳትቀልዱብኝ፣ ዛሬ ሰው እገድላለሁ!"

"ኦዴል፣ እኔ ነኝ፣ ላቮ። ዳላስ ነው ያደርኩት።"

ያ ትልቅ ሰውዬ ጮኾ አለቀሰ። ጌታን አመሰገነ፣ ላቮን ሰደበው፣ እንደገና አመሰገነ። ከዚያ ጸጥ አለ። ላቮ ያንን ጸጥታ ያውቀዋል፤ ኦዴል ነገር ሲያሰላ ነው።

"እና መኪናው ውስጥ የነበረው ቴዝ ነው ማለት ነው?"

"አዎ።"

"ምስኪን። ወይኔ፣ ምስኪን ልጅ።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ላቮ፣ እስካሁን ማን አይቶሃል?"

"ምን ማለት ነው ማን አይቶሃል?"

"አትቆጣ፣ ስማኝ ብቻ። አልበሙ አርብ ይወጣል። ዛሬ አገር ምድሩ አንተን ነው የሚሰማው። ስልካቸውን የማያነሱልኝ ሰዎች ዛሬ እነሱ ይደውሉልኛል፣ ለኔ! ዋሽ አልልህም። እስከ አርብ ድረስ ዝም በል ነው የምልህ። ከዚያ ትወጣለህ፣ ስህተት ነበር ይባላል፣ ሰው በደስታ ያብዳል።"

"አክስቴስ?"

"የሞትከው አንተ መስለሃታል። አስከሬን ምርመራው ቢሮ ሄዳ ልትለይ ነው። ሌላ ሰው ይለየዋል፣ አንቺ ቅሪ ብላት ሰደበችኝ። ያሳደግኩት እኔ፣ የምለየውም እኔ አለች። ቴዝ ስልክ አላነሳ ብሏት እሱንም እየፈለገችው ነው።"

"እንዴ ኦዴል! ጨርቁን ስትገልጥ የምታገኘው እኮ ልጇን ነው!"

"እሱን ነው የምልህ፣ እኔ አሁኑኑ ሰው ልኬ..."

ላቮ ዘጋው። አክስቱ ጋ ደወለ፤ መስመሯ ተይዟል። እንደገና ሞከረ፣ አሁንም ተይዟል። ቢያገኛትስ ምን ሊላት ነው? በስልክ የሚነገር ነገር አይደለም። ሳትወጣ ቤት ሊደርስባት መኪናውን አስነሳ።

እውነቱን መናገር ይሻላል፤ ሬዲዮውን አላጠፋም። አንዱ ደዋይ ይህች ከተማ እንደሱ ያለ ልጅ ወልዳ አታውቅም ሲል ደስ አለው። ቴዝ ሞቶ እያለ ደስ አለው። ይሄን ሲያውቅ ራሱን ጠላ፤ ግን እጁ ወደ ማጥፊያው አልሄደም። ኦዴል ዝም በል ያለው ነገር ያን ያህል ከባድ አይደለም፣ ዝም ማለት ብቻ ነው ብሎም አሰበ። እስከ ሰፈር ድረስ የራሱን ለቅሶ እየሰማ ነዳ።

ሰፈር ሲገባ መስኮቱን ዝቅ ማድረግ አላስፈለገውም። ከየመኪናው፣ ከየበረንዳው የእሱ ድምፅ ይመጣል። አንዱ ቤት የጀመረውን ስንኝ ቀጥሎ ያለው ቤት ወደኋላ ቀርቶ ይጀምረዋል፣ ማዶ ያለው ደግሞ ይጨርሰዋል፤ መንገዱ በሙሉ ከራሱ ጋር የሚጨቃጨቅ ሰው ይመስል ነበር። ሙቀቱ ከባድ ነው፣ ቅጠል አይነቃነቅም። በአክስቱ ደጅ ባለው የፒካን ለውዝ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ነጭና ሰማያዊ ፊኛዎች ታስረው ቀጥ ብለው ቆመዋል። የሱ የመድረክ ቀለሞች ናቸው።

ደጁ ላይ ለለቅሶ ከተሰበሰበው ሰው አንዳንዱ ሲያየው ንግግሩን አቁሞ ጠበቀው። ላቮ ከመኪናው ወረደ። አሁን ይጮኻሉ፣ አሁን ጥለውኝ ይሮጣሉ ብሎ አሰበ። ቆቡን ወደኋላ ገፈፈና ፊቱን ሰጣቸው።

ማንም አልጮኸም። ጎረቤታቸው ሽማግሌው ሚስተር ሃስኬል በከዘራቸው እየተደገፉ መጡና አንገቱን አቀፉት።

"ቴዝ ልጄ" አሉት። "ጌታ ያጽናህ። እንግዲህ አንተ ነህ የቀረኸን።"

"ሚስተር ሃስኬል፣ እኔ እኮ..."

"ዝም በል፣ ምንም አትናገር። ይገባኛል። ሐዘን አፍ ይይዛል።"

"አይደለም፣ እኔ ቴዝ..."

"አውቃለሁ፣ አውቃለሁ።" ጀርባውን መታ መታ አደረጉት። "ሙት አይወቀስም ይባላል እንጂ፣ ለአንተ ካልተናገርኩ ለማን እናገራለሁ? ወንድምህ ትንሽ ኩራት ነበረበት። ሰላምታ ሲሰጠኝ እንኳ ወደ ስልኩ እያየ ነው። አንተ ግን ሚስቴ ስትታመም ሳሩን ያጨድክልኝ፣ ቆሻሻውን ያወጣህልኝ አንተ ነህ። ጌታ የሚያውቀውን ያውቃል።"

ለላቮ እንዲህ ቆሞ የራሱን ነገር መስማት እንግዳ ነበር። ሰዎች ተራ በተራ እያቀፉት ያልፋሉ፤ አንዷ የተጠበሰ ዓሣ በፎይል ጠቅልላ እጁ ላይ አስቀመጠችለት፣ አንዱ በጆሮው ጸለየለት። ሁሉም ቴዝ ይሉታል፤ አንድም ሰው አልተጠራጠረም። ላቮ ሞቷል፣ ስለዚህ ይሄ ፊት የቴዝ ነው። ለጥቂት ጊዜ እሱ ራሱ ተደናገረ። ዝም ቢል እዚሁ ቴዝ ሆኖ ሊቀር፣ ማታ ወደ ካዚኖው ሄዶ ሳህን ሊያጥብ ይችላል፤ ማንም አይጠይቀውም።

"አክስ... እማዬ የታለች?" አለ በመጨረሻ። ቴዝ እማዬ ነበር የሚላት።

"አሁን ገና ወጣች፣ ዲያቆኑ ነው የወሰዳት" አለች ዶኒታ። "ና፣ ቁም እንጂ! ይሄን ሳትለብስማ አትሄድም።"

በኛ ሰፈር ሰው ሲሞት ፓስተሩ ከመድረሱ በፊት ዶኒታ ትደርሳለች። ጋራዧ ውስጥ የማተሚያ ማሽን አላት፤ የሟቹን ፎቶ፣ ፀሐይ የወጣችለትንና የጠለቀችበትን ቀን ቲሸርት ላይ አትማ ሬሳው ሳይቀዘቅዝ ታድላለች። ሁለቱንም ከልጅነታቸው ጀምሮ ታውቃቸዋለች፤ በአንድ ክፍል ነው የተማሩት። አልቅሳ ሜካፗ ፈስሷል። ቲሸርቱን በራሷ እጅ ጭንቅላቱ ላይ አጠለቀችለትና ደረቱ ላይ አስተካከለችው።

"የትናንት ማታውን ፎቶ ነው የተጠቀምኩት" አለች። "ክለቡ የለቀቀውን። እየው እስቲ እንዴት እንዳማረበት! እንደዚህ ሲስቅ እኮ አይተነው አናውቅም፣ ሁልጊዜ የተቆጣ ነው የሚመስለው።"

ላቮ አንገቱን ደፍቶ ደረቱን አየ። ከላይ በትልቁ ላቮ ይላል። ከሥሩ ጥቁር መነጽር ያደረገ ልጅ ሐብል አጥልቆ፣ ጠርሙስ ከፍ አድርጎ፣ ጥርሱን ሁሉ አሳይቶ ይስቃል። የድካም ምልክት የለበትም። ፊቱ የቴዝ ነው፣ ስሙ የሱ ነው። ዙሪያውን ቢያይ በረንዳው ላይ፣ ሳሩ ላይ፣ ፒካኑ ሥር ያለው ሰው ሁሉ ያንኑ ለብሷል። ቴዝ በየደረቱ ላይ ሆኖ ወደሱ እየሳቀ ነበር፣ በሌላ ሰው ስም።

"ዶኒታ፣ ይሄን ሰው ደህና አድርገሽ አይተሽዋል?"

"ሌሊቱን በሙሉ... ምን ሌሊት፣ ከጠዋት ጀምሮ እሱን ነው የማየው። ምነው? ቀለሙ ደበዘዘ?"

"አይ። ምንም።"

ሮጦ መኪናው ውስጥ ገባ። አሁን ሬዲዮውን አጠፋ። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ከውጭ ይሰማል። መብራት ላይ ሲቆም ከጎኑ ከቆመው መኪና፣ ድልድዩን ሲያልፍ ከሥር ከተኮለኮሉት ልጆች፣ ሁሉም ቦታ ቀድሞት ደርሷል። ስልኩ ደግሞ ኪሱ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። አውጥቶ አየው፤ ኦዴል ነው። "የሬሳ ሳጥኑ ተዘግቶ ይቀበር ይባላል። እሷ ባታይ ይሻላታል። ለሷ ብለህ" ይላል መልእክቱ።

ለሷ ብለህ። ላቮ መብራቱ እስኪለቅ ድረስ ደጋግሞ አነበበው። ነገሩ ደግነት ይመስላል፣ ያ ነው ያስፈራው። የሚፈልገውን ነገር በደግ ቃል ጠቅልለው ሲሰጡት እጁን ዘርግቶ ሊቀበል ምንም አልቀረው።

አስከሬን ምርመራው ቢሮ መስኮቱ ትንንሽ የሆነ ዝቅ ያለ ሕንፃ ነው። በሩ ላይ ስልካቸውን የደቀኑ ልጆች ተሰብስበዋል፤ አንዳንዶቹ የዶኒታን ቲሸርት ለብሰው፣ አንዳንዶቹ በስልካቸው ለተከታዮቻቸው በቀጥታ እያስተላለፉ። ሲያዩት መንገድ ለቀቁለት።

"ወንድሙ ነው፣ ወንድሙ ነው! አሳልፉት!"

"አይዞህ ብሮ!" አለው አንዱ፤ ስልኩን ግን ከፊቱ አላነሳም።

ውስጡ እንደ ፍሪጅ ቀዝቃዛ ነው። ረጅም ኮሪደር ነው፣ መብራቱ ከነጭነቱ ብዛት ሰው ያሳምማል፤ ጫፉ ላይ የለስላሳ መሸጫው ማሽን ብቻውን ያጉረመርማል። ቨርኔታ ግድግዳ ሥር ካሉት የፕላስቲክ ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀምጣለች። ከነሽርጧ ነው የመጣችው፣ ማበጠሪያው ኪሷ ውስጥ ተሰክቶ ይታያል። መነጽሯን አውልቃ ጭኗ ላይ አድርጋዋለች። ዲያቆኑ የለም፣ መኪና ሊያቆም ሄዷል። ገና አልገባችም።

ላቮ ደርሼባታለሁ አለ በልቡና ወደሷ ተራመደ።

እሷ የጫማ ድምፅ ሰምታ ቀና አለች። በእንባዋ ውስጥ ሹሩባውን አየች፣ ደረቱ ላይ የታተመውን የሟች ፎቶ አየች። ፊቷ በራ።

"ቴዝ!" ብላ ዘልላ ተነሳች። "የኔ ጌታ! የት ነበርክ አንተ ልጅ? ከጠዋት ጀምሮ ስደውል፣ ስደውል... ና ወደዚህ!"

አቀፈችው። ፊቱን ሳታይ ፊቷን ትከሻው ላይ ቀበረች። የፀጉር ቅባት ሽታዋ አፍንጫውን ሞላው፤ ልጅ ሆነው ቅዳሜ ቅዳሜ ጉልበቷ መሃል ሲቀመጡ የሚሸታቸው ሽታ ነው።

"ደንግጠህ የጠፋህ ነው የመሰለኝ" አለች ትከሻው ውስጥ። "ወንድምህን አጣን፣ የኔ ልጅ። ላቮዬን አጣሁት። እስቲ አሁን እኅቴን ስገናኛት ምን እላታለሁ? አደራ ብላኝ ነበር የሞተችው።" ቃሏ ተሰበረ፣ ትንፋሽ ወስዳ ቀጠለች። "አንድ ነገር ልንገርህ፣ ለማንም እንዳትነግር። ጠዋት ሲነግሩኝ መጀመሪያ ያልኩት ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ጌታ ሆይ፣ ቴዝን ተውክልኝ፣ ተመስገን ነው ያልኩት። ላቮዬ እዚያ ወድቆ ተመስገን አልኩ! ይቅር ይለኛል ትላለህ?"

ላቮ መንገዱን ሙሉ የከተማው ሰው ሁሉ እንደሱ ያለ የለም ሲል ሰምቶ ደስ ብሎት ነበር። የሚወዳት አንድ ሰው በእሱ ሞት ተመስገን ብላለች፤ አልፈረደባትም። ያንን ተመስገን ሊነጥቃት ነው የመጣው።

እጇ እንደ ልማዷ ወደ ማጅራቱ ወጣ። ጣቶቿ የሹሩባውን መስመር ይዘው ወረዱ፣ ከጆሮው ጀርባ ዞሩ፣ ቀንድ አውጣው ላይ ደረሱ። እዚያ ቆሙ። ትናንት የተሠራ ሹሩባ ይወጥራል፣ ጣት ሲነካው እንደ ገመድ ጠንካራ ነው። ይሄ ላልቷል። ዙሪያውን አዲስ ፀጉር በቅሎበታል፣ ጫፉ ተንጨባሯል።

ጣቶቿ ወደ ላይ ተመልሰው ከመጀመሪያው ጀመሩ። ቀስ ብለው እንደገና ወረዱ። እንደገና ቆሙ።

"ይሄ የትናንት ሥራዬ አይደለም" አለች በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ።

"አክስቴ..."

"ዝም በል።" ጨምድዳ ያዘችው፣ ፊቷን ከትከሻው አላነሳችም። "ገና አትናገር። ትንሽ ዝም በልልኝ።"

ማሽኑ ያጉረመርማል። ከውጭ፣ ከልጆቹ ስልክ፣ የእሱ ዘፈን በቀጭኑ ይሰማል። ኪሱ ውስጥ ኦዴል እንደገና ጠራ፣ ቆመ፣ ጠራ። ሰውነቷ እቅፉ ውስጥ እየከበደ፣ እየከበደ ሄደ።

የኮሪደሩ በር ተከፈተና መነጽር ያደረገ፣ ድምፁ ለስላሳ የሆነ ሠራተኛ ብቅ አለ።

"ይቅርታ አድርጉልኝ። የላቮንቴ ስፒለር ቤተሰቦች እናንተ ናችሁ?"

ላቮ በቨርኔታ ትከሻ ላይ አሻግሮ ወደ መውጫው በር አየ። የመስታወቱ በር በአንዱ ልጅ እግር ተደግፎ ገርበብ ብሏል፤ ስልኮቹ ወደሱ ተደግነዋል። ዝግ ባለ ድምፅ ሊናገር ይችል ነበር። ሠራተኛውን ጠጋ ብሎ በጆሮው ሊነግረው፣ ነገሩን እስከ አርብ ድረስ በዚህ ኮሪደር ውስጥ ሊያስቀረው ይችል ነበር።

"አይደለንም" አለ ላቮ። ድምፁ የመድረክ ድምፁ ነበር፤ ማይክ ሲበላሽ ከኋላ ለቆሙት የሚያወጣው። ልጆቹ ዝም አሉ፣ አንዱ ሙዚቃውን አጠፋ። "ላቮንቴ እኔ ነኝ። እኛ የመጣነው ለኮርቴዝ ነው።"

ሠራተኛው ግራ ተጋብቶ አንዴ ደረቱ ላይ ያለውን ፎቶ፣ አንዴ ፊቱን አየ። "ለማን አልከኝ?"

"ለኮርቴዝ። ኮርቴዝ ኢማኑኤል ስፒለር" አለ ላቮ፣ አሁንም ጮክ ብሎ። "እናቱ ይህቻት።"

ቨርኔታ እጇን ከማጅራቱ አወረደችና እጁን ያዘችው፤ ተያይዘው ገቡ።